በሬ የረገጠው ማሳ ለራዳር ለስላሳ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ሬዲዮና ራዳር የሚጠቀሙበት ሞገድ መሬት ሲነካ ወዴት ወዴት እንደሚበተን በኮምፒውተር ማስላት ነው። በዚህ ነገር ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች አሉ።

«መሬቱ ሸካራ መሆኑ በዓይን ይታወቃል።»

አይታወቅም። ባለፈው ሐምሌ ሰንዳፋ አጠገብ ለጤፍ በተዘጋጀ ማሳ ላይ ማስመሪያ አቁሜ ለካሁ። የማሳው ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ በሬዎቹ ስለረገጡት «እንደ ምጣድ ሆኗል፣ ልጄ» አሉኝ። ጓሉ ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ፍርዱ የሞገዱ ነው። በሬይሊ መለኪያ መሠረት፣ ሞገዱ ከላይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ የወለሉ ከፍና ዝቅ ማለት ከሞገድ ርዝመቱ አንድ ስምንተኛ ካነሰ ወለሉ ለስላሳ ነው። የ900 ሜጋኸርትዝ የስልክ ሞገድ 33 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም ገደቡ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ለስልኩ አዛውንቱ ልክ ናቸው። መሬትን በራዳር የሚቃኘው የሴንቲነል-1 ሳተላይት ሞገድ ግን 5.6 ሴንቲ ሜትር፣ ገደቡም 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለእርሱ ያው ማሳ ኮረኮንች ነው። ሞገዱ በጎን ሲመጣ ገደቡ ይሰፋል። ጀምበር ስትጠልቅ ሸካራው አስፋልት የሚያብለጨልጨውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ውሃ ስለሚያንጸባርቅ በራዳር ምስል ላይ ነጭ ይሆናል።»

ተቃራኒው ነው። የሱሉልታ መስክ በክረምት ውሃ ሲተኛበት ይጠቁራል፤ ሳተላይቱ በሰያፍ ስለሚመለከት ጸጥ ያለ ውሃ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይልከዋል።

«መሬቱንና በላዩ የቆመውን ነገር ለየብቻ አስልቶ መደመር ይበቃል።»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ኮየ ፈጬ ያለ አንድ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ወደ ሳተላይቱ ፊቱን አዙሯል እንበል። ከግድግዳው ብቻ፣ ከመሬቱም ብቻ የሚመለስ ሞገድ አለ። ከእነዚህ ሌላ መሬት ነክቶ ግድግዳ የሚመታ፣ ግድግዳ መትቶ መሬት የሚነካ አለ። እነዚህ ሁለት መንገዶች አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሆኑ ርዝመታቸው እኩል ነው፤ ሞገዶቹ እኩል ረግጠው ይደርሳሉ። ያኔ ተደምረው የሞገዱ ከፍታ ሁለት እጥፍ፣ ኃይሉም የአንዱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኃይልን ለየብቻ የሚደምር ሰው ሁለት እጥፍ ብቻ ያገኛል፤ ግማሹን ጣለው ማለት ነው። በምስሉ ላይ የሕንፃው እግር ከጣሪያው ይልቅ ደምቆ የሚታየው በአብዛኛው በዚህ የማዕዘን ንጥረት ነው።

«ጠንካራ ኮምፒውተር ካለ ሁሉም ይሰላል።»

10 በ10 ሜትር የሆነች ቁራጭ ማሳ እንውሰድ። በሴንቲነል-1 አንድ የሞገድ ርዝመት ውስጥ በየአቅጣጫው አሥር የስሌት ነጥብ ካስቀመጥን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይወጣል። ነጥብ ሁሉ ከነጥብ ሁሉ ጋር ስለሚነካካ፣ ለአንድ ነጥብ አንድ ያልታወቀ ቁጥር ብቻ ብንይዝ እንኳ የቁጥሮቹ ሰንጠረዥ (ማትሪክሱ) 160 ቴራባይት ያህል ማኅደረ ትውስታ ይፈልጋል። የሒሳብ ሊቃውንቱ ግሪንጋርድና ሮክሊን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት፣ ሩቅ ያሉትን ነጥቦች በቡድን የሚያሰላው ዘዴ ኋላ ለሞገድም ተስተካክሎ ሸክሙን እጅግ አቅልሎታል።

ይህም ለአንድ ማሳ ነው። የእያንዳንዱን ጓል ቦታ ማንም ስለማያውቅ ተመሳሳይ ሸካራነት ያላቸው ብዙ ማሳዎች በዕጣ ተፈጥረው አማካዩ ይወሰዳል። እኔ አንድ ሌሊት መቶ ማሳ አዝዤ ተኛሁ፤ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ መብራት ጠፋ። አሁን እያንዳንዱ ማሳ ሲያልቅ ውጤቱን አስቀምጣለሁ።