የኢንተርኔት ጨረታና የመላኪያ ክፍያ እሰጥ አገባ

አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ በወጣ ጨረታ አሮጌ የካሜራ ሌንስ በ6 ዶላር ያሸንፋል። መላኪያው ደግሞ 14 ዶላር ነው። ትንሽ ቅር ይለዋል፤ ግን ይከፍላል። ከሳምንት በኋላ ካርቶኑ እጁ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ቴምብሩ ላይ ነው። 5 ዶላር ይላል። «9 ዶላሬን በላኝ!» ብሎ ወዲያው ለሻጩ መልእክት ይጽፋል።

የመላኪያ ክፍያ ክርክር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ገንዘቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን 9 ዶላር ቢጎድልበት ይረሳዋል፤ ተታለልኩ ብሎ ካሰበ አይረሳም።

ሻጩም የራሱ መልስ አለው። ካርቶኑን በገንዘቡ ገዝቷል። መጠቅለያ ፕላስቲኩንና ፕላስተሩንም እንዲሁ። ፖስታ ቤት ሄዶ ተሰልፏል። የጨረታ ገበያው ኮሚሽኑን ቆርጧል። ቴምብሩ ከዚህ ሁሉ ወጪ የአንዱን ብቻ ነው የሚናገረው። እንግሊዞች ይህን ክፍያ «ፖስቴጅ ኤንድ ፓኪንግ» ይሉታል፤ አሜሪካኖች «ሺፒንግ ኤንድ ሃንድሊንግ»። መላኪያውም ማሸጊያውም አብረው የተቆጠሩበት ስም ነው። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው።

ጥርጣሬው ከየት መጣ?

እውነቱን ለመናገር የገዢዎች ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ በ1995 ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለብዙ ዓመታት ኮሚሽን የሚቆርጠው ከእቃው የመጨረሻ ዋጋ ላይ ብቻ ነበር። የመላኪያውን ገንዘብ አይነካም። ዘዴኛ ሻጮች ይህችን ቀዳዳ አገኟት። 20 ዶላር የሚያወጣውን እቃ በ1 ዶላር፣ መላኪያውን በ19 ዶላር ያቀርባሉ። 20 ዶላሩ እጃቸው ይገባል፤ ኮሚሽን የሚከፍሉት ግን በ1 ዶላር ሂሳብ ነው። በዚያ ላይ እቃው በዋጋ ቅደም ተከተል ሲደረደር ከላይ ይታያል። እቃው ሲመለስ «የእቃውን ዋጋ ብቻ ነው የምመልሰው» ለሚል ሻጭም የተመቸ አሠራር ነበር።

ኢቤይ ይህን ለማስተካከል ቀስ በቀስ ብዙ ሞክሯል። በ2007 ገዢዎች ለሻጮች ከ1 እስከ 5 ኮከብ የሚሰጡባቸው አራት መመዘኛዎች አመጣ። ከአራቱ አንዱ የመላኪያ ክፍያው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። ማን ስንት ኮከብ እንደሰጠ ሻጩ አያይም። በ2008 ደግሞ ሻጮች ለገዢዎች መጥፎ አስተያየት እንዳይሰጡ ከለከለ። ከዚያ በፊት በመላኪያ ዋጋ ቅር ያለው ገዢ፣ ሻጩ አጸፋውን እንዳይመልስበት ፈርቶ ዝም ሊል ይችል ነበር። ቀዳዳዋ በደንብ የተደፈነችው ግን በ2011 ነው። በዚያ ዓመት ጁላይ የአሜሪካው ኢቤይ መላኪያውን ጨምሮ ከጠቅላላው ክፍያ ላይ ኮሚሽን መቁረጥ ጀመረ። ለሐቀኛው ሻጭ ይህ ሸክም ሆነበት። ለቴምብር በተከፈለው ገንዘብ ላይም ኮሚሽን ይከፍላል ማለት ነው። እኔ ግን ለውጡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። መላኪያን የማጋነን ዋናውን ጥቅም አጥፍቷል።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ገዢዎች መላኪያው ውድ መሆኑን እያዩ ለምን ይጫረታሉ? ታንጂም ሆሴይንና ጆን ሞርጋን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህን ኢቤይ ላይ ፈትነዋል። የሸጡት የሙዚቃ ሲዲና የቪዲዮ ጌም ነበር። በአንደኛው ጨረታ መነሻው 4 ዶላር ሆኖ መላኪያው ነፃ ነው። በሌላው መነሻው 1 ሴንት ሆኖ መላኪያው 3.99 ዶላር ነው። ድምሩ ያው 4 ዶላር ነው። ሆኖም በ1 ሴንት የጀመረው ብዙ ተጫራች ሳበ፤ የተሻለ ገንዘብም አስገኘ። መላኪያው በጣም ሲወደድ ግን ብልጫው ጠፋ። ሰው ሲጫረት ዓይኑ እየጨመረ ያለው ቁጥር ላይ ነው። የመላኪያው ትዝ የሚለው ሊከፍል ሲል ነው።

ሂሳቡ ራሱ ቀላል አይደለም

አጭበርባሪ በሌለበትም ክርክር ይነሳል፤ የፖስታ ታሪፍ ውስብስብ ነውና። የእንግሊዙን ፖስታ ድርጅት ሮያል ሜይልን እንውሰድ። በ2006 ከክብደት ሌላ መጠንንም መለካት ጀመረ። ውፍረቱ እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ እሽግ በ«ትልቅ ደብዳቤ» ዋጋ ሊሄድ ይችላል። 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ወደ ፓርስል (የጥቅል እቃ) ዋጋ ይዘላል። ሻጩ አንድ ንብርብር መጠቅለያ ስለጨመረ ብቻ ዋጋው ከፍ ይላል። ገዢው «ቀጭን መጽሐፍ እኮ ነው» ይላል። እሱም ልክ ነው፤ ሻጩም ልክ ነው።

የኩሪየሮቹ (እሽግ የሚያደርሱ ድርጅቶች) ስሌት ደግሞ ይብሳል። ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ኩሪየሮች የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ። ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ የሚያስከፍሉት በእሱ ነው። 50 በ40 በ30 የሆነ ካርቶን 60,000 ይሆናል። ለ5000 ሲካፈል 12 ኪሎ። ውስጡ ያለው 2 ኪሎ የሚመዝን የመብራት ጥላ ቢሆንም ሂሳቡ የ12 ኪሎ ነው። ይህን ያልሰማ ገዢ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

አገር ሲሻገር ሌላ ጣጣ አለ። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ወደ ውጭ በመርከብ የሚልከውን ርካሹን መንገድ በ2007 ዘጋ። ቀርፋፋ ነበር፤ ግን ለከባድ መጽሐፍ ገላጋይ ነበር። ገዢው ግን ከቻይና የ2 ዶላር እቃ በነፃ መላኪያ ሲመጣ ያያል። ለምን እንዲህ ሆነ? በዓለም የፖስታ ኅብረት ደንብ የላኪው አገር ፖስታ ለተቀባዩ አገር ፖስታ የማድረሻ ይከፍላል። በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ትናንሽ እሽጎች ይህ ክፍያ ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ነበር፤ ቻይናም የዚህ ተጠቃሚ ነበረች። አሜሪካ ከኅብረቱ እወጣለሁ ካለች በኋላ በ2019 ጄኔቫ ላይ ስምምነት ተደረሰ። ከ2020 ጁላይ ጀምሮ አሜሪካ የራሷን ዋጋ ታወጣለች። ጎረቤት ከተማ ያለ ሻጭ ከባሕር ማዶ ሻጭ ይልቅ ውድ መላኪያ መጠየቁ ሌብነት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ግን ከሻጩ አቅም በላይ ነበር።

ቀረጥና ታክስም ከመላኪያ ጋር ይምታታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ በታች ለሆኑ ከውጭ ለሚገቡ እሽጎች የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት በ2021 ጁላይ አንስቷል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ያለውን የቀረጥ ነፃነት በ2025 ኦገስት ማብቂያ ላይ ለሁሉም አገር አቁማለች። በር ላይ የሚጠየቀው ይህ ገንዘብ ለሻጩ አይገባም። ወቀሳው ግን ለሱ ይደርሰዋል።

ማን ትክክል ነው?

ከሁሉ በላይ የሚቆጠረው ከጨረታው በፊት ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ነው። 14 ዶላር ተብሎ ከተጻፈና ገዢው አይቶ ከተጫረተ፣ ተስማምቷል። ቴምብሩን ፎቶ አንስቶ ልዩነቱን መጠየቅ ደካማ ክርክር ነው። ሻጩም በዚሁ ይታሰራል። መላኪያውን አሳንሶ ገምቶ ከሆነ፣ ጨረታው ካለቀ በኋላ «ጨምርልኝ» ማለት አይችልም። ኪሳራው የሱ ነው።

ገዢው በእርግጥ የሚበደለው የከፈለበት አገልግሎት ሲቀየር ነው። የፈጣን መላኪያ ገንዘብ ተቀብሎ በቀርፋፋው የሚልክ አለ። በአሜሪካ ለመጽሐፍና ለመሳሰሉት «ሚዲያ ሜይል» የሚባል ርካሽና ዘገምተኛ አገልግሎት አለ። ፈጣን ለሆነው «ፕራዮሪቲ ሜይል» የከፈለ ሰው ካርቶኑ ላይ ይህ ማኅተም ካየ፣ የዋጋውን ልዩነት ቢጠይቅ ሙሉ በሙሉ መብቱ ነው። ለዚህ ካርቶኑን ቶሎ አለመጣል ይጠቅማል። ኢንሹራንስ ከፍሎ ኢንሹራንስ ያልተገባለትም እንደዚሁ።

ከአንድ ሻጭ ብዙ እቃ መግዛትም ያጣላል። አራት ሲዲ በአንድ ካርቶን መጥቶ የአራት መላኪያ ሲከፈል ያማል። ጥሩ ሻጭ ቅናሽ ያደርጋል፤ ግዴታ ግን ሁልጊዜ የለበትም። ሂሳቡን ከመክፈል በፊት «አንድ ላይ አድርገህ ላክልኝ፤ አዲስ ሂሳብ ስጠኝ» ማለት ይሻላል። ከተከፈለ በኋላ ነገሩ ልመና ይሆናል።

እቃ ሲመለስ ነገሩ የሕግ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2014 ጁን ጀምሮ በሚሠራው መመሪያ፣ ገዢው በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ከቀየረ ነጋዴው የእቃውንም የመደበኛ መላኪያውንም ገንዘብ ይመልሳል። ገዢው መደበኛው 4 ዩሮ ሆኖ ሳለ የ15 ዩሮውን ፈጣን ከመረጠ የሚመለስለት 4 ዩሮው ነው። እቃውን መልሶ የሚልክበትን ወጪ፣ አስቀድሞ ከተነገረው፣ ራሱ ይችላል። በአካል ተገኝተው የሚጫረቱበት ሕዝባዊ ጨረታ ከዚህ መብት ውጭ ነው፤ የኢንተርኔት የጨረታ ገበያ ግን እንደዚያ አይቆጠርም። ይህ ሁሉ ግን ሻጩ ነጋዴ ሲሆን ነው። ቤቱ የተረፈውን እቃ የሚሸጥ ግለሰብ ግዴታው የለበትም። እቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ግን የኢቤይ የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና የመጀመሪያውን መላኪያ ጭምር ይመልሳል፤ ሻጩ ግለሰብ ይሁን ነጋዴ።

ቴምብር ያጎደለ ሻጭም አለ። እሽጉ ፖስታ ቤት ይያዛል፤ ገዢው የጎደለውን ከነአገልግሎት ክፍያው ካልከፈለ አይለቀቅም። መላኪያውን አንዴ ከፍሎ እንደገና መክፈሉ ነው። እዚህ ላይ ግምት የለም። የጎደለው መጠን ፖስታ ቤቱ በላከው ካርድ ላይ ተጽፏል። ካርዱን ፎቶ አንስቶ ለሻጩ መላክና በትሕትና ገንዘቡን መጠየቅ በቂ ማስረጃ ነው።