ጃሜል ደቡዝ፦ ከትራፕ ሰፈር እስከ ማራካሽ መድረክ

ጃሜል ደቡዝ የሞሮኮ ተወላጅ ከሆኑ ወላጆች በ1975 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ የተወለደ ኮሜዲያንና የፊልም ተዋናይ ነው። ሕፃን ሳለ ጥቂት ዓመት ሞሮኮ ኖሮ፣ ያደገው ግን ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው በትራፕ ነው። ከስድስት ልጆች የበኩሩ ነው።

በ1990 በትራፕ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ሲሻገር ባቡር ገጨውና ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። መድረክ ላይ ሲወጣ ያን እጁን አብዛኛውን ጊዜ ኪሱ ይከተዋል። በ2001 በወጣው «አሜሊ» ፊልም የአትክልት ሻጭ ረዳት ሆኖ ሲጫወት፣ አትክልቱን በአንድ እጁ እንደ ዕንቁላል እየተጠነቀቀ ያነሳል፤ ይኸው እርጋታ የገጸ ባሕርዩ መልክ ሆኖ ቀረ።

ተዋናይ ያደረገው የሰፈሩ ኢምፕሮቪዜሽን፣ ማለትም ያለ ጽሑፍ በቅጽበት እየፈጠሩ መተወን ነው። ትራፕ ውስጥ አላን ደግዋ የተባለ የቲያትር ሰው ለወጣቶች ያሠለጥነው የነበረው ይህ ጨዋታ፣ በካናዳዋ ኬቤክ በ1977 የተጀመረ፣ የበረዶ ሆኪን ሥርዓት የተዋሰ ግጥሚያ ነው። ሁለት ቡድን ይሰለፋል፤ ፊሽካ የያዘ ዳኛ ርዕስ ያነባል፤ ተጫዋቾቹ ለሃያ ሰከንድ ያህል ይንሾካሾኩና ይገባሉ። መጨረሻ ላይ ታዳሚው ባለ ቀለም ካርድ እያነሳ ይፈርዳል። ጃሜል ዛሬም ሲያወራ ያ ፊሽካ ከኋላው የተነፋ ነው የሚመስለው።

ከራዲዮ ኖቫ ወደ ካናል ፕላስ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ ከ1998 እስከ 2002 በታየው «አሽ» የተሰኘ የሆስፒታል ኮሜዲም ታወቀ። በ2002 በ«አስቴሪክስና ኦቤሊክስ፦ ተልዕኮ ክሊዮፓትራ» ውስጥ ኑሜሮቢስ የሚባለውን፣ በሦስት ወር ቤተ መንግሥት ሠርተህ አስረክብ የተባለ አርክቴክት ሆነ። ፊልሙ በፈረንሳይ ብቻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጠ።

ለእኔ ትልቁ ሥራው ግን ያ ሁሉ ወሬ የጠፋበት ነው። በ2006ቱ «አንዲዤን» ፊልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ የዘመተ፣ ፊደል ያልቆጠረ ድሃ አልጄሪያዊ ወታደርን ይጫወታል። የካን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማትን ለአምስቱ መሪ ተዋንያን በአንድነት ሰጠ። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንት ሺራክ መንግሥት ከ1959 ጀምሮ ባለበት እንዲቆም ተደርጎ የነበረውን የቀድሞ ቅኝ ግዛት ወታደሮች ጡረታ ከፈረንሳውያኑ ጋር ለማስተካከል ወሰነ፤ ፊልሙ ግፊት እንዳደረገ ብዙዎች ይስማማሉ።

ከዚህ በኋላ ጉልበቱን ወደ ሌሎች አዞረ። በ2006 የጀመረው «ጃሜል ኮሜዲ ክለብ» የተሰኘ የቴሌቪዥን የኮሜዲ ዝግጅት በ2008 በፓሪስ ቦን ኑቬል ጎዳና የራሱን አዳራሽ አገኘ፤ ኮሜዲያኑ ቶማስ ንዢጆልና ፋብሪስ ኤቡዌ ስማቸው የተሰማው በዚህ በኩል ነው። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በሞሮኮዋ ማራካሽ ከተማ «ማራካሽ ዱ ሪር» የተሰኘውን የኮሜዲ ፌስቲቫል ያዘጋጃል። መድረኩ የተዘረጋው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሱልጣን አሕመድ አል መንሱር በታነጸው በኤል ባዲ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ መካከል ነው።