ካይዘንና የአካባቢ አያያዝ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ፦ ከኮምቦልቻ አንጻር

ኮምቦልቻ የወሎ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ እዚያ ነው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ የልብስ ስፌቱ ተጨመረ። የከተማዋ ፍሳሽ በትንንሽ ጅረቶች አድርጎ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከና ከደሴ በኩል መጥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ በጨፋ ሜዳ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጨፋ ላይ በበጋ ከብት ይሰማራል፣ በመስኖም ይታረሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ «ብክነት» የፋብሪካው የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሊን የሚባለው፣ ብክነትን እየቀነሱ የማምረት ዘዴ የተወለደው ጃፓን፣ ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ነው። መሐንዲሱ ታይቺ ኦኖ ሰባት ብክነቶችን ለይቷል፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ያለ ጥቅም ማጓጓዝ፣ ትርፍ ሥራ፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና ብልሽት። ወደ እኛ የመጣው በካይዘን ስም ነው፤ ቃሉ በጃፓንኛ ማሻሻል ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. ከጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዛሬ «5ቱ ማዎች» ሲባል ብዙ የፋብሪካ ሠራተኛ ያውቃል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ።

የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት በሌላ መንገድ የመጣ ነው። የታወቀው መስፈርት አይኤስኦ 14001 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ በ2004 እና በ2015 ተሻሽሏል። ድርጅቱ ውሃን፣ አየርንና አፈርን የሚነካበትን ሁሉ ለይቶ እንዲመዘግብ፣ ሕጉን እንዲያውቅ፣ ግብ አስቀምጦ እንዲለካና ያጎደለውን እንዲያርም ይጠይቃል። በአገራችን የብክለት ቁጥጥሩ መሠረት አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው።

ሁለቱም የሚሽከረከሩት በአንድ ዑደት ነው፦ አቅድ፣ ሥራ፣ ፈትሽ፣ አስተካክል። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ተለያይተው መኖራቸው ነው። ካይዘኑ በምርት ክፍል ሥር ነው፤ የአካባቢ ባለሙያው ለብቻው ፋይል ይዞ ኦዲት ሲመጣ ብቻ ይታወሳል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም የለብ ለብ ይሆናሉ።

የማቅለሚያ ክፍልን እንይ። 200 ኪሎ የጥጥ ጨርቅ በአንድ ማሽን ገባ እንበል፤ ለአንድ ኪሎ ጨርቅ 10 ሊትር ውሃ ቢሰላ ማሽኑ በአንድ ሙሊት 2,000 ሊትር ይይዛል። ሪአክቲቭ ቀለም ከጥጥ ጋር እንዲያያዝ ጨው ይፈልጋል። በሊትር 60 ግራም ቢገባ 120 ኪሎ ጨው ነው። ከዚያ ማጠብ፣ በሳሙና ማፍላት፣ ደግሞ ማለቅለቅ አለ፤ እያንዳንዱ አዲስ ሙሊት ነው። ቀለሙ ከናሙናው ጋር አልገጥም ብሎ ጨርቁ እንደገና ቢቀለም ይህ ሁሉ ይደገማል። በካይዘን ሰሌዳ ላይ «1 ብልሽት» ተብሎ ይጻፋል። ቦርከና ጋ ሲደርስ ግን ብዙ ሺህ ሊትር ውሃና ከመቶ ኪሎ በላይ ጨው ነው። ጨው ደግሞ በባክቴሪያ የሚሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ አያስወግደውም። መፍትሔው ከመጀመሪያው አለመሳሳት ነው፤ ይህ ደግሞ የሊን ሥራ ነው።

ስለዚህ ማዋሃድ ማለት በተግባር ቀላል ነገር ነው። የካይዘን የልማት ቡድኑ የሥራውን ፍሰት ሲስል ከጊዜውና ከክምችቱ ጎን ውሃን፣ መብራትን፣ እንፋሎትንና ኬሚካልን አብሮ ይጻፍ። በየሂደቱ ቆጣሪ ይግባ። ጠዋት ሰሌዳው ፊት ሲቆም የብልሽቱ ቁጥር ከፍሳሹ ቁጥር ጋር ይነበብ። በአይኤስኦው የሚጠየቀው መረጃ ግማሹ እዚያው ይገኛል፤ ለኦዲት ተብሎ ሌሊት ፋይል ማሳመር ይቀራል።

ከ5ቱ ማዎች የመጀመሪያው፣ የማያስፈልገውን ለይቶ ማጣራቱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጋዘን ሲጸዳ ጊዜ ያለፈበት ቀለምና የተበሳ በርሜል ይወጣል። የት ይደረግ የሚለው ካልተወሰነ ከጀርባ ግቢ ይከመራል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። መጋዘኑ ያምራል፣ ወንዙ ይበላሻል። የአካባቢው ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

የሚጋጩበትም ቦታ አለ። ሊን በትንንሽ መጠን፣ በተፈለገ ሰዓት ማምረትን ይወዳል። ቀለም በተለዋወጠ ቁጥር ግን ማሽን ይታጠባል። መኪናውም ግማሽ ጭነት ይዞ ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 በመኪና ፋብሪካዎች ላይ የወጣ የሮተንበርግ፣ የፒልና የማክስዌል ጥናት ሊን አሠራር በቀለም ቅብ የሚወጣውን የኬሚካል ትነት ከመቀነስ ጋር ሁልጊዜ እንደማይስማማ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ኪንግና ሌኖክስ ደግሞ ክምችታቸው ያነሰ ፋብሪካዎች መርዛማ ልቀታቸውም ያነሰ መሆኑን አገኙ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እንደ ሥራው ነው። በማቅለሚያ ክፍል ማስታረቂያው ትእዛዞችን ከነጣ ቀለም ወደ ጠቆረ ቀለም በተራ ማሰለፍ ነው።

ሌላው ደግሞ ሊን ጨርሶ የማያየው ነገር ነው። ቆዳ ሲለፋ ከሚገባው ክሮም ከሚባለው የማልፊያ ኬሚካል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቆዳው ውስጥ ሳይገባ ከውሃው ጋር ይወጣል። ቆዳው ግን እንከን የለውም፣ ደንበኛውም አያማርርም፤ በሰባቱ ብክነቶች ሚዛን ችግሩ ጎልቶ አይወጣም። ክሮሙን ለይቶ መልሶ መጠቀም የሚቻልበት ዘዴ አለ፤ ግን ገንዘብና ውሳኔ ይጠይቃል። ካይዘን ሠርተናልና የፍሳሽ ማጣሪያ አያስፈልገንም የሚል ሥራ አስኪያጅ ተሳስቷል።

ቢራው ላይ ነገሩ ይቀላል። ከብቅሉ የሚቀረው አተላ የከብት መኖ ነው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ከብት የሚያደልብ ሞልቷል። ከባዱ ጠርሙስ ማጠቢያው ነው፤ ኮስቲክ ሶዳውና ሙቅ ውሃው በአግባቡ ካልተመለሰ ኪሳራም ብክለትም ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። ማሽን እንደገና ሲተከል ቧንቧውን፣ ቆጣሪውንና የኬሚካል መጋዘኑን አብሮ ማቀድ ይቻላል፤ ኋላ ግድግዳ አፍርሶ ከማስገባት በብዙ ይረክሳል። ሙያውም ሩቅ አይደለም፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። የአይኤስኦ ምስክር ወረቀት የሚቆየው ሦስት ዓመት ነው፤ በየዓመቱም ክትትል ይደረጋል። የሰሌዳው ልማድ ያለው ፋብሪካ ክትትሉ ሲመጣ የሚያሳየው የየዕለቱ ቁጥር አለው።