«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ»፦ የአባባሉ ፍቺ በጡረታ ሒሳብ ሲታይ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣
አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

ከዚህ አባባል ሰው አብዝቶ የሚያስታውሰው ልቅሶውን ነው። ያለፈ ነገር ሲያስቆጭ ይጠቀሳል፣ የሰማው ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ጨው ያለው ግን «መጥኖ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ድስት ጥዳ የምታለቅሰው ሴት ደቁሳለች፣ ደክማለችም፤ የጎደላት ልኬቱ ብቻ ነው። አባባሉን ለጡረታ ነገር ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ፣ ቆጥበውም ያኖሩ፣ ግን ገቢና ወጪያቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሳይመጥኑ 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በየሰፈሩ አሉ።

አባባሉ የተወለደው ማድ ቤት ነው። መደቆስ በሙቀጫና በዘነዘና፣ ወይም በድንጋይ ወፍጮ ላይ በመጅ ማድቀቅ ነው። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ የሚደቁት እንዲህ ነው፤ «ድቁስ» የምንለውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው። ክንድ የሚያዝል፣ ጊዜ የሚበላ ሥራ ስለሆነ እሳቱ ሳይነድ ይጠናቀቃል። ድስቱ አንዴ ከተጣደ፣ ሽንኩርቱም መቁላላት ከጀመረ እጅ ከማማሰያው አይላቀቅም። ለአምስት ሰው የተደቆሰው ለአሥር እንግዳ ሊሆን አይችልም። ውሃ ቢጨምሩ ወጡ ይቀጥናል፤ ወደ ወፍጮው ቢሮጡ ቁሌቱ ያራል። በጭስና በሽንኩርት የቀላው ዐይን ያን ጊዜ ሌላ የሚያስለቅስ ምክንያት ያገኛል።

«መጠነ» ራሱ ሰፊ ቤተሰብ ያለው ግስ ነው። መጠን፣ ምጣኔ፣ ጥራጥሬውና ቅመሙ በልክ ተደባልቆ የሚፈጨው ምጥን ሽሮ፣ ሁሉም ከእሱ ይወጣሉ። ኢኮኖሚን «ምጣኔ ሀብት» ስንል ያንኑ የማድ ቤት ግስ ነው የምንጠራው። አንዳንዱ ሰው «ድሮ ነበር እንጂ» ወይም «አስቀድሞ ነበር» ብሎ ይጀምረዋል፤ ፍቺው አይለወጥም። «ነበር» እዚህ ላይ የሆነን ነገር አይተርክም፣ «መሆን ይገባው ነበር» ማለት ነው። «መደቆስ» እና «ማልቀስ» ቤት ስለሚመቱ ደግሞ ከአፍ አይጠፋም።

አጠቃቀሙ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኩያ ለእኩያ ሊለው ይችላል፤ ሰው ስለ ራሱ ሲለው ደግሞ ከሁሉም ያምራል። ጡረታ ለወጡ አባት ወይም እናት ልጅ ቢለው ግን ስድብ ነው፤ ድስቱ ተጥዶ ለሚያለቅስ ሰው ወፍጮውን ማሳየት ነውና። ለገና ወጣቱ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሻላል። ሁለቱ አባባሎች አንድ ነገር ይናገራሉ፣ ሰዓታቸው ግን ይለያያል።

እንግዲህ መመጠኑ በጡረታ ሒሳብ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። በኢትዮጵያ ሕግ የመደበኛ ጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ከደመወዝ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው፣ በድምሩ 18 በመቶ ይገባል። አበሉ የሚሰላው ከጡረታ በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የወታደርና የፖሊስ ስሌት ለብቻው ነው።

አንድ ሰው 32 ዓመት አገልግሏል እንበል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዙ 9,000፣ 10,000 እና 11,000 ብር ከነበረ አማካዩ 10,000 ነው። ከ10 በላይ ያሉት 22 ዓመታት በ1.25 ሲባዙ 27.5 ይሆናሉ፤ 30 ሲጨመርበት 57.5 በመቶ። የወር አበሉ 5,750 ብር ይሆናል ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል፤ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ ከሠራ ሰው በቀር ማንም አይነካውም። ስለዚህ «70 በመቶ አገኛለሁ» ብሎ የሚያቅድ ሰው ከወዲሁ ልኬቱን ስቷል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው ግን ቀጥሎ ነው። ይህ ሰው በመጨረሻው ዓመት 11,000 ደመወዝ ብቻ አልነበረም የሚያገኘው፤ የቤትና የትራንስፖርት አበል ተብሎ 3,000 ብር ይጨመርለት ነበር እንበል። ቤቱ የለመደው በ14,000 ነው። መዋጮው የሚቆረጠው ከመደበኛው ደመወዝ እንጂ ከጥቅማ ጥቅሙ ስላልሆነ ጡረታው አያውቀውም። 5,750 ለ14,000 ሲካፈል 41 በመቶ ነው። ሰውየው በአእምሮው የያዘው 57.5 በመቶ ነበር። በግል ድርጅት ያለው ደግሞ የባሰ ነገር ሊገጥመው ይችላል፤ አሠሪው መዋጮ ለመቀነስ መደበኛ ደመወዙን አሳንሶ ቀሪውን በአበል ስም ከከፈለው ዛሬ እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ያው ይመስላል፣ በ60 ዓመቱ ግን አብሮት አይመጣም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ሌላም የሚመጥነው ነገር አለው። የግሉ ዘርፍ በጡረታ ዐቅድ የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ከዚያ ወዲህ 15 ዓመት የተከፈለለት ሠራተኛ 30 እና 6.25 በመቶ፣ በድምሩ 36.25 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሠርቶ ቢሆንም፣ የፕሮቪደንት ፈንድ ገንዘቡን (ሠራተኛውና አሠሪው በድርጅቱ ውስጥ የሚያጠራቅሙትን ቁጠባ) በጊዜው ተቀብሎ ከበላ ያ ዘመን በአበሉ ላይ አይታይም። በመንግሥት ቤት የተያዘ አገልግሎት ካለው ግን ስለሚደመርለት ማስረጃውን ፈልጎ ማምጣት አለበት።

አሁን ወደ ቤቱ ሒሳብ። ሁለት ቤተሰቦችን ማወዳደር ሲያስፈልግ፣ ወይም የራስን ቤት ከጡረታ በፊትና በኋላ ለማስተያየት፣ ጠቅላላ ገቢ ብቻውን ያሳስታል። ሁለት ቤቶች በወር 20,000 ብር ይገባቸዋል እንበል። አንዱ የራሱ ቤት ውስጥ የሚኖር ባልና ሚስት ነው፤ ለነፍስ ወከፍ 10,000 ብር ይደርሰዋል። ሌላው ስድስት ሰው ይዞ 6,000 ብር ኪራይ የሚከፍል ነው፤ ከኪራይ የተረፈው 14,000 ለስድስት ሲካፈል 2,333 ብር ነው። ሁለቱን «እኩል ገቢ አላቸው» ማለት አንድ ድስት ለሁለትም ለስድስትም ይበቃል እንደማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ገቢውን ሁሉ ሰብስብ፣ ከዚያ ኪራይ ወይም የቤት ዕዳ ቀንስ፣ የቀረውን ለቤቱ ሰው አካፍል፣ ከዚያ በኋላ አወዳድር።

ገቢ ሲሰበሰብም ሁሉም እኩል የሚታመን አይደለም። ጡረታው በየወሩ ይገባል። የሰርቪስ ቤት ኪራይ ተከራይ ሲለቅ ይቋረጣል፤ በዓመት 12 ወር ሳይሆን 10 ወር ብሎ መያዝ ይሻላል። ከገጠር የሚመጣ ጤፍ ካለ በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይግባ፤ ሰው ስላልገዛው ገቢ አይመስለውም፣ የቀረ ዕለት ግን ኪሱ ያውቀዋል። ልጆች ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የሚልኩት ገንዘብ ያለፉት ሦስት ዓመታት ተደምሮ ለ36 ወር ይካፈል፣ ከዚያም ግማሹ ብቻ ይያዝ። ልጅን አለማመን አይደለም፤ ልጅ ያገባል፣ ሥራ ይለቃል፣ ኮንትራቱ ያልቃል።

ቁጠባን በብር ቁጥር ማወዳደር ከሁሉም በላይ ያታልላል። ቁጠባ የሚለካው በወር ነው፦ ይህ ገንዘብ የዚህን ቤት ጉድለት ስንት ወር ይሸፍናል? ያ ባለ 5,750 ጡረተኛ ከሰርቪስ ቤት 2,500 ብር ያገኛል፣ ወጪው 12,000 ነው፣ ባንክ ውስጥ 600,000 ብር አለው እንበል። ጉድለቱ በወር 3,750 ነው። 600,000 ለ3,750 ሲካፈል 160 ወር፣ ማለትም 13 ዓመት ከ4 ወር። እፎይ የሚያሰኝ ቁጥር ነው። ግን ወጪው በዓመት 15 በመቶ ቢያድግስ? ገንዘቡ በ7 በመቶ ወለድ ተቀምጦ፣ ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር ተቆርጦ፣ ጡረታውና ኪራዩ ባሉበት ቢቆዩ የመጀመሪያው ዓመት ጉድለት 45,000፣ የሦስተኛው 91,000፣ የስድስተኛው 190,000 ብር ገደማ ይሆናል። ያ 600,000 በሰባተኛው ዓመት አጋማሽ ገደማ ያልቃል። የጡረታ አበል አልፎ አልፎ በመንግሥት ውሳኔ ይሻሻላል፤ በየዓመቱ ከገበያው ጋር አብሮ ግን አይወጣም። በ60 ዓመቱ 13 ዓመት የመሰለው ስንቅ በ66 ዓመቱ ባዶ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንም አልሰረቀውም።

ስለ እቁብና እድር በአጭሩ፦ እቁብ ዙሩ ሲደርስ የተቀመጠን ገንዘብ በጅምላ መመለስ እንጂ የጡረታ ስንቅ አይደለም። ሰርቪስ ቤቱን በቆርቆሮ ለመክደን ወይም ክፍል ለመጨመር ግን ከእሱ የሚሻል የለም፤ ቋሚ ገቢ ይፈጥራልና። እድር የቀብሩን ወጪ ስለሚይዝ ለዚያ ብሎ ሌላ ገንዘብ አስሮ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ የወር መዋጮውን ብቻ ከወጪ መዝገብ አለመዘንጋት ነው።

መመጠኑ መቼ ይጀመር? 50 ዓመት ሲሞላ የመጀመሪያው፣ 55 ሲሞላ ሁለተኛው። በመጀመሪያው ጊዜ ገና ዐሥር ዓመት ስላለ ኪራይ የሚያስገባ ክፍል ለመሥራትም፣ የቤት ዕዳ ለመጨረስም ይደርሳል። በሁለተኛው ጊዜ ዋናው ሥራ ወረቀት ነው። ጡረታው የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በተመዘገበው ዕድሜ ነው፤ በኋላ የወጣ የልደት ካርድ ሌላ ዓመት ቢል አይረዳም። ስም በመታወቂያውና በጡረታ ፋይሉ ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ከሆነ፣ ወይም አንድ የቀድሞ አሠሪ መዋጮውን ቆርጦ ገቢ ሳያደርግ ቀርቶ ከሆነ፣ ድርጅቱ ሳይዘጋና የሒሳብ ሠራተኛው ሳይለቅ ማስተካከል ይቻላል። በ60 ዓመት ከአንድ ወር ላይ ይህን መፈለግ ድስቱ ተጥዶ በርበሬ ፍለጋ ገበያ መውጣት ነው።

ድስቱ ለተጣደበትስ? አባባሉ «ምን ያደርጋል» ይላል፤ ልቅሶው እውነትም ምንም አያደርግም፤ እሳቱን መቀነስ ግን ይቻላል። ጉድለቱን በዓመት ሳይሆን በየወሩ መያዝ፣ ትልቁን ክፍል አከራይቶ ወደ ሰርቪሱ መግባት፣ ልጆቹ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ከሚሰጡ በየወሩ ትንሽ እንዲከፍሉ መስማማት የሚረዱ ናቸው። ባልና ሚስት ደግሞ አንድ ሌላ ቁጥር ላይ አብረው መቀመጥ አለባቸው። ጡረተኛው ሲሞት ለሚቀረው የትዳር ጓደኛ የሚከፈለው የአበሉ 50 በመቶ ነው፤ ያ 5,750 ብር ወደ 2,875 ይወርዳል፣ የቤቱ ወጪ ግን በግማሽ አይወርድም። ያንን ግማሽ ለማግኘትም የጋብቻ ማስረጃው ፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት። በሽማግሌ የተጋቡና ወረቀት ያላወጡ ጥንዶች ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ሄደው ቢያስመዘግቡ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከሞት በኋላ ግን ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት መመላለስን ያመጣል።