የላንግሳይድ ውጊያ

የላንግሳይድ ውጊያ እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1568 በስኮትላንድ ከግላስጎው ከተማ በስተደቡብ በነበረችው የላንግሳይድ መንደር ተካሄደ። ቦታው ዛሬ የከተማው አካል ሆኖ ባትልፊልድ የሚባል ሰፈር ሲሆን፣ የመታሰቢያ ሐውልትም ቆሞበታል። ውጊያው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ከዙፋኗ የወረደችው ንግሥት ሜሪ ግን ከዚያ ወዲህ ስኮትላንድን አልገዛችም።

ሜሪ በጁላይ 1567 ሎክሌቨን ሐይቅ መካከል ባለ ግንብ ታስራ ሳለ፣ ዘውዷን አንድ ዓመት ለሞላው ልጇ ለጄምስ እንድትለቅ ተገደደች። እንደራሴ የሆነው በአባት የሚገናኛት ወንድሟ፣ የሞሬይ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጄምስ ስቱዋርት ነበር። ሜይ 2 ቀን 1568 ከግንቡ አምልጣ ሃሚልተን ከተማ ስትገባ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ 6,000 ያህል ሰው ተሰበሰበላት። ግላስጎው የነበረው የሞሬይ ጦር 4,000 ገደማ ነበር።

የንግሥቲቱ ሰዎች ያን ቀን መዋጋት አላስፈለጋቸውም ነበር። ያሰቡት ግላስጎውን በደቡብ ዞረው፣ ሎርድ ፍሌሚንግ በታማኝነት ወደሚጠብቀው የደምባርተን ምሽግ ሊያደርሷት ነው። እዚያ ከገባች ከሰሜን የሚመጣላትን ተጨማሪ ጦር መጠበቅ፣ ካልሆነም በመርከብ መውጣት ትችላለች። ስለዚህ ዋናው ነገር መንገዱን ቀድሞ መያዝ ነበር፤ የተሸነፉትም በዚሁ ነው።

ሞሬይ ጠላቶቹን የጠበቀው ከክላይድ ወንዝ በስተሰሜን ነበር። በደቡብ በኩል ሲያልፉ ሲታዩ፣ በውጊያ የበሰለው የሞሬይ አዛዥ ዊልያም ከርካልዲ በየፈረሰኛው ኋላ አንድ አንድ ባለጠመንጃ አፈናጥጦ ወንዙን ተሻገረና ላንግሳይድ ቀድሟቸው ደረሰ። ባለጠመንጆቹን ወደ መንደሩ ሽቅብ በሚወጣው ጠባብ መንገድ ዳርና ዳር፣ በየጎጆው፣ በየጓሮውና በየአጥሩ ሥር እንዲያደፍጡ አደረጋቸው። የዘመኑ ጠመንጃ አንዴ ከተተኮሰ መልሶ ማጉረሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ሜዳ ላይ የቆመ ተኳሽ እስኪያጎርስ ፈረሰኛ ይደርስበታል። ከግንብ አጥር ኋላ ያለው ግን ተረጋግቶ ይተኩሳል።

2,000 የሚሆነውን የንግሥቲቱን ፊት መሪ ጦር ሎርድ ክሎድ ሃሚልተን ይዞ ወጣ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መብዛታቸው አልጠቀማቸውም፤ የፊተኞቹ ሲመቱ የኋለኞቹ ይገፏቸዋል። እንዲያም ሆኖ አናቱ ላይ ደረሱና ከሞሬይ ወገን ከሆነው ከሞርተን ኧርል እግረኞች ጋር ረጃጅም ጦር ለጦር ተያያዙ። የዘመኑ ትረካ እንደሚለው የጦሩ ዘንግ እርስ በርስ ከመጠላለፉ የተነሣ የተወረወረ ሽጉጥ መሬት ሳይወድቅ እላዩ ላይ ይቀር ነበር። የሞሬይ ቀኝ ክንፍ ማፈግፈግ ሲጀምር ከርካልዲ ደራሽ ጦር አምጥቶ አጸናው፤ የሃሚልተን ሰዎችም ተፈቱ።

የንግሥቲቱ ዋና ጦር አዛዥ የአርጋይል ኧርል ሊረዳቸው አልተንቀሳቀሰም። ታሞ ራሱን ስቶ ነበር የሚሉ አሉ፤ የሞሬይ እኅት ባል ስለነበር ከዳ ብለው የጠረጠሩትም ነበሩ። ሽንፈቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ግን ትክክል አይደለም። ጤነኛ ቢሆንም ደራሽ የሚልከው በዚያው በታፈነው መንገድ ነበር።

ከንግሥቲቱ ወገን ከ100 በላይ ሞተው 300 ያህል ተማረኩ፤ ከሞሬይ በኩል የሞተው እጅግ ጥቂት ነው። የሚሸሹት እንዳይገደሉ ሞሬይ ራሱ አዘዘ።

ሜሪ ከኮረብታ ሆና ሽንፈቱን አይታ ወደ ደቡብ ሸሸች፤ ሜይ 16 ቀን በጀልባ ተሻግራ እንግሊዝ ወርኪንግተን ደረሰች። እርዳታ ብትጠብቅም የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ለ19 ዓመት ያህል በግዞት አቆየቻት፤ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587 አንገቷ ተቀላ። ስኮትላንድ የቀሩት ደጋፊዎቿ አምስት ዓመት ተዋጉ። መጨረሻ ላይ የኤዲንብራን ግንብ በስሟ ይዞ የተከላከለው ወገኑን የለወጠው ከርካልዲ ሲሆን፣ በ1573 እጁን ሰጥቶ ተሰቀለ።