የኮስኚፓታ ሸለቆ የደመና ደንና አብረው የሚያጠኑት ሰዎች

በደቡብ ምሥራቅ ፔሩ፣ ከኩስኮ ከተማ ተነስቶ ወደ አማዞን የሚወርድ መንገድ አለ። 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አክሃናኮ የሚባለውን የተራራ ማለፊያ ሲሻገር የሣሩ ምድር ያበቃና ደኑ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በኮስኚፓታ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። መኪና የያዘ ሰው በአንድ ቀን ከውርጭ አገር ወደ ሙቅ ቆላ ይደርሳል። አናቱ ላይ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ታች አማዞን ሜዳ ላይ ግን 24 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለ ሞቃታማ አገር ተራሮች የደመና ደን ብዙ የምናውቀው ከዚህ አንድ ዳገት ነው።

ደመናው የሚመጣው ከአማዞን ነው። እርጥብ አየር ከሜዳው ተነስቶ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ከ1,500 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ደመናው ከዛፎቹ በላይ ሳይሆን በዛፎቹ መካከል ነው የሚውለው። በዚህ ምክንያት ግንድና ቅርንጫፉን ሞስ የሚባለው ለስላሳ አረንጓዴ ተክል ይሸፍነዋል። ኦርኪድና ፈርን መሬት ሳይነኩ ዛፍ ላይ ይበቅላሉ። ዛፎቹ ራሳቸው ከቆላዎቹ ያጥራሉ። የፔሩ ብሔራዊ ወፍ የሆነው ቀዩ ቱንኪ የሚጨፍረው እዚህ ነው፤ ባለ መነጽር ድብ የሚባለው የአንዲስ ድብም የሚኖረው እዚሁ ነው። የሸለቆው አንዱ ወገን እ.ኤ.አ. በ1973 ከተመሠረተው ከማኑ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል።

በሸለቆው የሚሠራው የተመራማሪዎች ቡድን በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አበርግ ይባላል። የአንዲስ ብዝኃ ሕይወትና ሥርዓተ ምህዳር ጥናት ቡድን እንደማለት ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከመሥራቾቹ መካከል በአሜሪካ የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲው ማይልስ ሲልማን፣ በብሪታኒያ ደግሞ ያድቪንደር ማልሂና ፓትሪክ ሚር ይገኛሉ። የኩስኮው ሳን አንቶኒዮ አባድ ዩኒቨርሲቲና የፔሩ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲም ከሥራው ተለይተው አያውቁም። 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የዋይኬቻ የምርምር ጣቢያ ዋናው ማደሪያቸውና መሥሪያቸው ነው።

የሥራው መሠረት ሲታይ ቀላል ነው። ከላይ እስከ ታች፣ በየከፍታው፣ አንድ አንድ ሄክታር ስፋት ያላቸው ቋሚ ቦታዎች ተከልለዋል። በእያንዳንዱ ቦታ የግንዱ ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ዛፍ ሁሉ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ዝርያው ይለያል፣ ግንዱ በሜትር ይለካል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ እያንዳንዱን ዛፍ መለካት ነው። የሞተው ይመዘገባል፤ አዲስ ያደገውም ቁጥር ይሰጠዋል። በወሬ ሲነገር ቀላል ቢመስልም በዝናብ፣ በጭቃና በቀጥ ያለ ገደል ላይ የሚሠራ አድካሚ ሥራ ነው። በዚያ ላይ በቦታዎቹ ከ1,000 በላይ የዛፍ ዝርያዎች አሉ። አንዱን ከሌላው ለመለየት ቅጠል ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ከኩስኮ የዕፅዋት ስብስብ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ትልቁ ነገር የመጣው እነዚህን ዛፎች ሌሎች ባለሙያዎችም መጠቀም ሲጀምሩ ነው። የቅጠል ባለሙያው፣ የአፈር ባለሙያው፣ የውኃ ባለሙያው፣ ካርቦን የሚያሰላው፣ ሁሉም የሚሠሩት በእነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው። አንዱ የለካው ለሌላው መነሻ ይሆነዋል። እንደኔ እምነት የቡድኑ ዋና ብልሃት ከየትኛውም ዘመናዊ መሣሪያ ይልቅ ይህ ነው።

በጣም የታወቀው ግኝት ስለ ዛፎች ፍልሰት ነው። ኬኔት ፊሊ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጥናት ከ950 እስከ 3,400 ሜትር ያሉ 14 ቦታዎችን አነጻጸረ። ዛፍ ከቆመበት አይነሳም። ነገር ግን በአንድ ቦታ የቆላ ዛፎች እየበዙ፣ የደጋዎቹ እየቀነሱ ከሄዱ፣ ወገኑ በጠቅላላ ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው። ፍጥነቱ በዓመት ከ2.5 እስከ 3.5 ሜትር ከፍታ ሆኖ ተገኘ። ዛፎቹ የለመዱትን ሙቀት ተከትለው ለመኖር ከዚህ እጥፍ በላይ መፍጠን ነበረባቸው። ስለዚህ እየወጡ ነው፤ ግን እየተቀደሙ ነው።

የአሁኑ ለውጥ ፍጥነት እንግዳ መሆኑን የሚመሰክር ሐይቅም አለ። ኮንሱኤሎ የተባለው ሐይቅ በፔሩ አንዲስ ምሥራቃዊ ዳገት 1,360 ሜትር ላይ ይገኛል። ማርክ ቡሽና ባልደረቦቹ ከሐይቁ ሥር ካወጡት ደለል ውስጥ የአበባ ብናኝ ለይተው የ48,000 ዓመት የደን ታሪክ አነበቡ። በበረዶው ዘመን አየሩ ሲቀዘቅዝ የደጋ ዛፎች ወደ ታች ወርደው ነበር። ሙቀቱ ሲመለስም ወደ ላይ ተመልሰዋል። ያኔ ግን ለውጡ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዝግታ ነበረው። አሁን አንድ ዛፍ አድጎ ዘር እስኪሰጥ ድረስ እንኳ አየሩ ይቀየራል።

ከላይ ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል። ከደኑ ጫፍ በላይ ፑና የሚባል የሣር ምድር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2005 የተነሱ የአየርና የሳተላይት ፎቶዎች ሲነጻጸሩ የደኑ ጫፍ በአብዛኛው ቦታ ንቅንቅ አላለም። አንዱ ምክንያት እሳት ነው። እረኞች ለከብቶቻቸው አዲስ ሣር እንዲበቅል ያቃጥላሉ፤ እሳቱ ጫፍ ላይ የበቀሉትን ችግኞች ይጨርሳል። በተጠበቁ አካባቢዎች ግን የደኑ ጫፍ በመጠኑ ፈጥኗል። ሙቀቱን አንድ ወረዳ ሊያቆመው አይችልም። እሳቱን ግን ከእረኞቹ ጋር ተነጋግሮ መቀነስ ይቻላል፤ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባውም ይመስለኛል።

ስለ አፈሩ የተደረገው ሙከራ እኔን በተለየ ይማርከኛል። አንድሩ ኖቲንግሃምና ባልደረቦቹ አፈር ከ3,000 ሜትር ወደ 200 ሜትር፣ ከታችም ወደ ላይ አዛወሩ። ላብራቶሪ ውስጥ ማሞቂያ ከመትከል ይልቅ ተራራውን ራሱን ማሞቂያ አደረጉት። ከ5 ዓመት በኋላ ወደ ሙቀት የወረደው አፈር ካርቦን አጥቶ ተገኘ፤ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያንም ከአዲሱ ሙቀት ጋር ተላምደው ነበር። የደጋው አፈር ከቆላው የበለጠ ካርቦን ስለሚያከማች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የውኃውም ነገር እንዲሁ ነው። በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ከዚያ በተጨማሪ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ከሚገባው ውኃ አንድ አሥረኛው ገደማ ዛፎቹ ከደመናው የሚያጠምዱት ጠብታ እንደሆነ ተሰልቷል። ደመናው ግን ዋጋም ያስከፍላል። ብርሃን ይጋርዳል። የደኑ የማደግ አቅም ደመናው በሚጀምርበት ከፍታ ላይ በአንዴ ዝቅ የሚለውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሁሉ ከለኩት መካከል ብዙዎቹ የኩስኮ ተማሪዎች ናቸው። ዛፍ በመለካት ጀምረው ራሳቸው ተመራማሪ የሆኑ አሉ። ዊሊያም ፋርፋን ሪዮስ ከኩስኮ ዩኒቨርሲቲ ተነስቶ በዌክ ፎረስት ዶክትሬቱን ሠርቷል። ኖርማ ሳሊናስ በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሆነው የቡድኑን ሥራ ከሚመሩት አንዷ ናቸው። የውጭ ገንዘብ ሲመጣና ሲሄድ ሥራውን ያቆዩት የአገሩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ሸለቆው ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከኮሎምቢያ እስከ አርጀንቲና በአንዲስ ላይ ያሉ 186 ቦታዎችን አንድ ላይ አሰባሰበ። በአብዛኛው ቦታ ሙቀት ወዳድ ዛፎች እየበዙ ነው። ለውጡ የሚዘገየው ግን ደመናው በሚጀምርበት አካባቢና በደኑ የላይኛው ጫፍ ነው። አንድ ሸለቆ ብቻ ቢለካ ኖሮ ይህ የአካባቢው ጠባይ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።