ሚርሴን ጆርናል ምንድን ነው?

«ሚርሴን» የማይክሮባዮሎጂ ሀብት ማዕከላት የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻረ ቃል ነው። ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እነዚህን ማዕከላት በአንድ መረብ ማያያዝ የጀመሩት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ናይሮቢ፣ ካይሮ፣ ባንኮክና ፖርቶ አሌግሬ ከመረቡ ነበሩ። ሥራቸው ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያንን መሰብሰብ፣ በሕይወት ማቆየት፣ ማከፋፈልና ባለሙያ ማሠልጠን ነው። ጆርናሉም፣ ማለትም የምርምር ጽሑፎች የሚወጡበት መጽሔት፣ ከዚሁ መረብ ወጥቶ በ1985 ቅጽ 1 ብሎ ጀመረ።

ለምን የራስ ጆርናል አስፈለገ? የናይሮቢው ማዕከል የሚሠራበትን ሪዞቢየም እንውሰድ። ይህ ባክቴሪያ በጥራጥሬ ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ የአየር ናይትሮጅንን ለተክሉ ይመግባል፤ እባጩ ሲቆረጥ ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ ከሆነ ግን አይሠራም። ለአኩሪ አተር የሚሆነው የባክቴሪያ ዝርያ ለሽምብራ አይሆንም፤ አፈርና ሙቀትም ውጤቱን ይለውጡታል። እንዲህ ያለውን የመስክ ሙከራ ትልቁ ጆርናል «የአንድ አካባቢ ጉዳይ» ብሎ በቀላሉ ይመልሰዋል፤ ተመሳሳይ አፈር ላለው ላቦራቶሪ ግን ዋናው መረጃ እሱ ነው።

ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ እርሾ ነው። የጤፍ ሊጥ ላይ የሚጠልለውን፣ ተቀድቶ ለሚቀጥለው ቡኮ የሚቀመጠውን ቢጫማ ውሃ ከአራት ቤቶች ወስዶ የመረመረ ጥናት በ1994 በዚሁ ጆርናል ቅጽ 10 ላይ ወጣ። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) 3.5 ገደማ ነበር፤ ከእርሾ ፈንገሶቹ በሁሉም ናሙና በብዛት የተገኘው ካንዲዳ ሚለሪ ነው።

በ1994 ግን ጆርናሉ ሚርሴን አይባልም ነበር። ከ1990፣ ማለትም ከቅጽ 6 ጀምሮ፣ ወርልድ ጆርናል ኦፍ ማይክሮባዮሎጂ ኤንድ ባዮቴክኖሎጂ ሆኗል፤ ዛሬ የሚያሳትመው ስፕሪንገር ነው። አዲሱ ስም ለዓለም ሁሉ ይገባል፤ ለማን ተብሎ እንደተጀመረ ግን አይናገርም። የቅጽ ቆጠራው ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ የጆርናል መለያ ቁጥሩ (አይኤስኤስኤን) ግን ተቀየረ፣ ምክንያቱም ዋናው ስም በጉልህ ሲለወጥ አዲስ ቁጥር ይሰጣል። የድሮው 0265-0762፣ የአዲሱ 0959-3993 ነው።

ቁጥሩ በትክክል መገልበጡን ለማየት የመጀመሪያዎቹን ሰባት አሃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 አባዝቶ መደመር ነው። ለድሮው ቁጥር ድምሩ 108 ይመጣል፤ ለ11 ሲካፈል 9 ይተርፋል፤ ከ11 ላይ 9 ሲቀነስ 2፣ የመጨረሻው አሃዝ ማለት ነው። ውጤቱ 10 ከሆነ በቦታው የላቲኑ ኤክስ ይገባል፤ ምንም ካልተረፈ ደግሞ 0።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የ1987ን ጽሑፍ በአዲሱ ስም ሲጠቅስ ነው። ያን ጊዜ ስሙና መለያ ቁጥሩ አይገጥሙም፤ የወረቀቱን ቅጂ የሚፈልግ አንባቢም ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። እስከ ቅጽ 5 በድሮው ስም፣ ከቅጽ 6 ወዲህ በአዲሱ መጥቀስ ነው።